ጓዶች በጓዶች ላይ፦ የሶሻሊስት አገሮች ወዳጅነትና ሽኩቻ በአፍሪካ ቀንድ

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በአፍሪካ ቀንድ እርስ በርስ የተዋጉት ኃይሎች አብዛኞቹ ራሳቸውን ሶሻሊስት ብለው የሚጠሩ ነበሩ። የደርግ መንግሥት፣ የሶማሊያው ሲያድ ባሬ፣ ሻዕቢያ፣ ህወሓት፣ ኢሕአፓና መኢሶን ሁሉም ማርክስንና ሌኒንን ይጠቅሱ ነበር። በድጋፍም ሆነ በአርአያነት ከበስተ ጀርባቸው የቆሙት ሶቭየት ኅብረት፣ ኩባ፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ ደቡብ የመን፣ ቻይናና አልባኒያም የአንድ ርዕዮተ ዓለም ልጆች ነን ባዮች ነበሩ። ይሁን እንጂ የጋራ እምነታቸው ከጦርነት አላዳናቸውም። በየጊዜው የተፈጠረው አለመግባባት ከቤተ መንግሥትና ከኤምባሲ ወጥቶ እስከ ገበሬው ማሳ፣ እስከ ገበያውና እስከ ስደተኛው መንገድ ድረስ ዘልቋል።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ዘመን ወዳጅነትና ሽኩቻ በቅደም ተከተል ያስቃኛል።

አንድ እምነት፣ ብዙ ማዕከል

የኮሚኒስት አገሮች ቅራኔ በአፍሪካ ቀንድ የተጀመረ አይደለም። ዩጎዝላቪያ ለሞስኮ ትእዛዝ አልገዛም በማለቷ እ.ኤ.አ. በ1948 ከኮሚኒስት ፓርቲዎች ኅብረት ተባረረች። ከስታሊን ሞት በኋላ ክሩሽቾቭ እ.ኤ.አ. በ1956 የቀድሞውን መሪ ሲያወግዝ ቻይናና አልባኒያ ተቀየሙ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሶቭየት ኅብረት ባለሙያዎቿን ከቻይና አስወጣች፤ በ1969 ደግሞ የሁለቱ አገሮች ወታደሮች በኡሱሪ ወንዝ ዳርቻ ተታኮሱ። አልባኒያ መጀመሪያ ከሞስኮ፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1978 ከቻይና ጋር ተቆራርጣ ብቻዋን ቀረች።

በዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ አብዮት ሲፈነዳ በዓለም ላይ የነበረው አንድ የሶሻሊስት ጎራ አልነበረም። ሞስኮን የሚከተል፣ ፔኪንግን የሚያደንቅ፣ የቲራናን መንገድ ብቻ ትክክል ነው የሚል ወገን ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም ይህንኑ ክፍፍል ወርሰው መጡ።

ሁለት ጎረቤቶች፣ አንድ ወዳጅ

ሶቭየት ኅብረት በአካባቢው ቀድማ የተወዳጀችው ከሶማሊያ ጋር ነበር። ሁለቱ አገሮች በሐምሌ 1966 ዓ.ም. የወዳጅነትና የትብብር ውል ተፈራረሙ። የሶማሊያ ሠራዊት በሶቭየት ታንክና አውሮፕላን ተደራጀ፤ የሶቭየት ባሕር ኃይልም በበርበራ ወደብ መጠቀም ጀመረ። ኢትዮጵያ በአንጻሩ ከአሜሪካ ጋር የቆየ ወታደራዊ ትስስር ነበራት።

የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ደርግ ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቁ ጎራ አዘነበለ። ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ ባንቲና ሌሎች የደርግ አባላት ተገድለው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ሲጠቀልሉ የሞስኮና የሃቫና ድጋፍ ጎልቶ ወጣ። በሚያዝያ ወር ኢትዮጵያ በአሥመራ የነበረውን የአሜሪካ የቃኘው ጣቢያ ዘጋች፤ ወዲያውም መንግሥቱ ወደ ሞስኮ ተጓዙ።

እዚህ ላይ ዋናው ችግር ተፈጠረ። ሲያድ ባሬ ኦጋዴንን የታላቋ ሶማሊያ አካል አድርገው ያዩት ነበር። ሞስኮ ግን ሁለቱንም አገሮች በአንድ ጊዜ ወዳጅ ልታደርግ ፈለገች። አንዱ ጎረቤት የሌላውን መሬት ሲፈልግ የሁለቱም ወዳጅ መሆን እስከ ምን ያስኬዳል የሚለው ጥያቄ ብዙም ሳይቆይ መልስ አገኘ።

የኤደን ስብሰባ

የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ ችግሩን በውይይት ለመፍታት በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ወደ አካባቢው መጡ። ሞቃዲሾንና አዲስ አበባን ከጎበኙ በኋላ መጋቢት 7 ቀን በኤደን መንግሥቱን፣ ሲያድ ባሬንና የደቡብ የመኑን መሪ ሳሊም ሩባይ አሊን ፊት ለፊት አገናኙ።

የካስትሮ ሐሳብ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ደቡብ የመን በአንድ ፌዴሬሽን እንዲሰባሰቡ፣ ኤርትራና ኦጋዴንም በዚያ ውስጥ ራስ ገዝ እንዲሆኑ የሚያደርግ ነበር። በካስትሮ አመለካከት ሦስቱም አብዮታዊ መንግሥታት ስለሆኑ የድንበር ጥያቄ ሁለተኛ ጉዳይ ሊሆን ይገባ ነበር። ሲያድ ባሬ ግን ሐሳቡን አልተቀበሉም። ለእርሳቸው የመሬቱ ጥያቄ ከሶሻሊዝም የሚቀድም ሆነ። ካስትሮ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በርሊን ላይ ከምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ጋር ሲወያዩ መንግሥቱን አወድሰው ሲያድ ባሬን በትምክሕተኝነት ወቅሰዋል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ የኩባ ሚዛን ወደ አዲስ አበባ ያጋደለ ሆነ።

የሞስኮ ምርጫ

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ሠራዊት ኦጋዴንን ወረረ። ድሬዳዋ በብርቱ ትግል ተረፈች፤ ጅግጅጋ ግን በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ እጅ ወደቀች። ወራሪው ሠራዊት የታጠቀው የሶቭየትን መሣሪያ ነበር፤ መካች የነበረውም ሠራዊት የሶቭየትን መሣሪያ እየተረከበ ነበር።

ሞስኮ ለሶማሊያ የምትሰጠውን የጦር መሣሪያ ስታቆም ሲያድ ባሬ ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. የወዳጅነቱን ውል ሰረዙ፤ የሶቭየት አማካሪዎችን አባረሩ፤ ከኩባ ጋር የነበራቸውንም ግንኙነት አቋረጡ። የሦስት ዓመት ውል በአንድ ቀን ፈረሰ። ሶቭየት ኅብረት በበርበራ የነበራትን ይዞታ አጥታ ወደ ኢትዮጵያ ዞረች። በቀጣዮቹ ወራት በአየርና በባሕር የተጓጓዘው መሣሪያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ ይገመታል። የሶቭየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭና የኩባው ጄኔራል አርናልዶ ኦቾዋ ከኢትዮጵያ መኮንኖች ጋር ዘመቻውን አቀዱ፤ ከ12 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮችም ተሰለፉ። ደቡብ የመንም ወታደሮች ልካለች። ጅግጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነጻ ወጣች፤ ዕለቱም እስከ ዛሬ የካራማራ ድል ተብሎ ይታወሳል።

ቻይና በበኩሏ በዚህ ጦርነት ወደ ሶማሊያ አደላች። ምክንያቷ የኢትዮጵያ ጠላትነት አልነበረም፤ ከሞስኮ ጋር የነበራት ቂም እንጂ። ከዐፄው ዘመን ጀምሮ በጎ የነበረው የአዲስ አበባና የፔኪንግ ግንኙነትም ለዓመታት ቀዘቀዘ።

ኩባ ያልተሻገረችው መስመር

የኦጋዴኑ ጦርነት ሲያበቃ ደርግ ፊቱን ወደ ኤርትራ አዞረ። በዚያ ግን ወዳጆቹ ተለያዩ። ኩባ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኤርትራ ታጋዮችን አሠልጥና ነበር፤ ደቡብ የመንም ለኤርትራ ድርጅቶች መተላለፊያና መጠለያ ሆና ቆይታለች። ከሶማሊያ ወረራ ኢትዮጵያን መከላከል ለሃቫና ግልጽ ጉዳይ ነበር፤ ትናንት የረዳቻቸውን ታጋዮች ዛሬ መውጋት ግን የማይሆን ሆነባት። ስለዚህ የኩባ ወታደሮች በኤርትራ ውጊያ አልተሰለፉም፤ ሃቫናም ጉዳዩ በፖለቲካ መንገድ እንዲፈታ ስታሳስብ ቆየች።

ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ በ1970 ዓ.ም. የደርግንና የሻዕቢያን ተወካዮች በበርሊን አገናኝታ ለማስማማት ሞከረች። የአሸማጋዮቹ ተስፋ ሁለቱም ማርክሲስቶች ስለሆኑ ይግባባሉ የሚል ነበር። ደርግ ከአንድነት በመለስ፣ ሻዕቢያም ከነጻነት በመለስ ያለውን ስላልተቀበሉ ንግግሩ ፍሬ አላፈራም። ሶቭየት ኅብረት ግን ለደርግ ዘመቻዎች መሣሪያና አማካሪ ማቅረቧን ቀጠለች። በ1974 ዓ.ም. የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻም ናቅፋን ሳይዝ ቀረ።

የነገደ ጎበዜ ጉዳይ

ከቅሬታዎቹ ሁሉ እጅግ ያልተለመደው በ1970 ዓ.ም. ግንቦት ገደማ የተፈጠረው ነው። ሞስኮና ሃቫና ኢትዮጵያ በወታደሮች ብቻ ሳይሆን በሲቪል የሠራተኛ ፓርቲ እንድትመራ ይሹ ነበር። መንግሥቱ ግን ከቁጥጥራቸው ውጭ የሚደራጅ ፓርቲ አልፈለጉም። የመኢሶን መሪዎች ከነበሩት አንዱ ዶክተር ነገደ ጎበዜ ድርጅታቸው ከደርግ ተጣልቶ ኅቡዕ ከገባ በኋላ በውጭ አገር ይኖሩ ነበር። ኩባና ደቡብ የመን እኚህን ሰው በደቡብ የመን ፓስፖርት በምሥጢር ወደ አዲስ አበባ አስገቧቸው።

ምሥጢሩ ሲወጣ መንግሥቱ ተቆጡ። የኩባው አምባሳደር አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮቿ በኢትዮጵያ ምድር ሰፍረው ሳለ የኩባ አምባሳደር መባረራቸው፣ ረድኤት የሚሰጥ ሁሉ ትእዛዝ መስጠት እንደማይችል ያሳየ ክሥተት ነበር። የሠራተኛ ፓርቲውም ቢሆን በመንግሥቱ ፍጥነትና በመንግሥቱ መልክ ተደራጀ፤ ኢሠፓአኮ በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ኢሠፓ የተመሠረተው አብዮቱ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ነው። ያም ሆኖ ከሞስኮ ጋር የነበረው ትስስር አልላላም፤ ኅዳር 11 ቀን 1971 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶቭየት ኅብረት የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈራርመዋል።

ቡና በመሣሪያ

የአጋሮቹ ግንኙነት ከገበሬው ማሳ ጋር በቀጥታ የተገናኘው በቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በብራዚል የወረደው ውርጭ የቡና ተክልን ካጠፋ በኋላ የዓለም ዋጋ ናረ። ምሥራቅ ጀርመን ለቡና የምታወጣው የውጭ ምንዛሪ ከአቅሟ በላይ ሆነ። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ1977 ቡናን ከእህል ጋር ቀላቅሎ ለገበያ ቢያቀርብ ሕዝቡ በብርቱ አጉረመረመ። በዚሁ ዓመት የምሥራቅ ጀርመን ልዑካን ወደ አዲስ አበባ መጥተው የኢትዮጵያን ቡና በጦር መሣሪያ፣ በጭነት መኪናና በሌላ ሸቀጥ ለመለወጥ ተስማሙ።

ስምምነቱ በመጀመሪያ ለሁለቱም የሚበጅ መሰለ። ደርግ በጦርነት ተወጥሮ መሣሪያ ይፈልግ ነበር፤ በርሊንም ዶላር ሳታወጣ ቡና አገኘች። ነገር ግን ቡና በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያ ዋነኛው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አዲስ አበባ ቡናዋ በጠንካራ ምንዛሪ እንዲከፈላት ጠየቀች፤ ምሥራቅ ጀርመን ግን ያንን ለመክፈል አልቻለችም። በመጨረሻም ፊቷን ወደ ሌላዋ ሶሻሊስት አገር ወደ ቬትናም አዞረች፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በተፈረመው ስምምነትም በዚያ አገር ለቡና ልማት ገንዘብ አፈሰሰች። ቬትናም ዛሬ ከኢትዮጵያ በላይ ቡና ለዓለም ገበያ የምታቀርብ አገር ናት።

“ሶቭየት ኅብረት ምንድን ናት?”

የሶሻሊስቶቹ ክርክር በትግራይ የራሱን መልክ ያዘ። የካቲት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. በደደቢት ትጥቅ ትግል የጀመረው ህወሓት ሶቭየት ኅብረትን ከሶሻሊዝም የወጣች፣ ሌሎችን የምትጨቁን ኃይል አድርጎ ይመለከት ነበር። በሐምሌ 1977 ዓ.ም. በውስጡ የተመሠረተው የትግራይ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ሊግ፣ በአጭሩ ማሌሊት፣ አልባኒያን በአርአያነት የሚጠቅስ ድርጅት ሆነ። ትንሿ የባልካን አገር ለድርጅቱ የላከችው ጦርም ሆነ እርዳታ ኖሮ አይደለም፤ ከሞስኮም ከፔኪንግም ሳትወግን በመቆየቷ ነበር የተመረጠችው።

ሻዕቢያ በበኩሉ ሶቭየት ኅብረት ደርግን በመርዳቷ ተሳስታለች ቢልም ሶሻሊስት አይደለችም ለማለት አልፈቀደም። ይህ ልዩነት በሁለቱ ድርጅቶች መካከል ከነበሩት በርካታ ቅራኔዎች አንዱ ነበር። የብሔሮች መብትና የውጊያ ስልት ጥያቄዎችም ተጨምረውበት በ1977 ዓ.ም. ግንኙነታቸው ተቋረጠ።

የዚህ ቅራኔ ዋጋ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በዚያው ዓመት፣ ረኃቡ በጸናበት ወቅት፣ ሻዕቢያ በሚቆጣጠረው አካባቢ በኩል ከትግራይ ወደ ሱዳን የሚወስደውን መንገድ ዘጋ። መንገዱ እህል የሚገባበትና ረኃብተኛው የሚሰደድበት ነበር። ህወሓት ገበሬዎችን አስተባብሮ በምዕራብ በኩል ሌላ መንገድ ማውጣት ግድ ሆነበት። ሁለቱ ድርጅቶች የታረቁት በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. ነው።

መቐለ በረኃቡ ዘመን

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከመቐለና ከኮረም የተላለፈው የቴሌቪዥን ዘገባ ዓለምን ሲያስደነግጥ፣ የሶሻሊስት አጋርነት ወሰንም አብሮ ታየ። ከሮማናት አደባባይ እስከ ከተማዋ ዳርቻ ያለው ነዋሪ ከገጠር የጎረፈውን ተፈናቃይ በዓይኑ ያየበት ጊዜ ነበር። ለነፍስ አድን የመጣው እህል በብዛት የተገኘው ከምዕራባውያን አገሮች ነው። ሶቭየት ኅብረትና አጋሮቿ ያቀረቡት በዋናነት አውሮፕላን፣ ሄሊኮፕተርና የጭነት መኪና ነበር። በመቐለ አውሮፕላን ማረፊያ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች እህል ሲያራግፉ፣ የሶቭየት አንቶኖቮች ደግሞ ሰዎችን ጭነው ወደ ደቡብና ምዕራብ የሰፈራ ጣቢያዎች ይወስዱ ነበር። ሰፈራው ብዙ ቤተሰብ የተለያየበት፣ ብዙ ሰውም በበሽታና በድካም ያለቀበት እንደነበር ይታወሳል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ በሓውዜን የገበያ ቀን የደርግ የጦር አውሮፕላኖች ሰላማዊውን ሕዝብ ደበደቡ። አውሮፕላኖቹ ሶቭየት ሠራሽ ነበሩ። የገበያተኛው እልቂት በትግራይ ሕዝብ ትዝታ ውስጥ እስከ ዛሬ የማይጠፋ ቁስል ነው።

የወዳጅነቱ ፍጻሜ

ሚኻኤል ጎርባቾቭ በሞስኮ ሥልጣን ከያዙ በኋላ የሶቭየት ፖሊሲ ተለወጠ። ሠራዊቱ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በአፍዓበት ሲሸነፍ፣ በሻዕቢያ እጅ ከወደቁት መካከል የሶቭየት መኮንኖችም ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ ደርግ ጦሩን ወደ ሰሜን ለማዞር ሲል ከሲያድ ባሬ ጋር የሰላም ስምምነት ፈረመ። ከዐሥር ዓመት በፊት የሶሻሊስቱን ጎራ ለሁለት የከፈለው ጠብ እንዲህ በችኮላ ተዘጋ። መንግሥቱም በዚያው ዓመት ወደ ቻይና ተጉዘው የቀዘቀዘውን ወዳጅነት ለማደስ ሞከሩ።

የሞስኮ ምክር ግን አንድ ብቻ ሆነ፤ ጦርነቱን በድርድር ፍቱ የሚል። በየካቲት 1981 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ትልቅ ሽንፈት ከደረሰ በኋላ የመንግሥት ሠራዊት መቐለን ለቆ ወጣ። በመስከረም 1982 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ የኩባ ወታደሮች ተሸኙ። የኦጋዴኑ ዘመቻ አዛዥ ኦቾዋ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው በአገራቸው ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው በጥይት ተገድለዋል። ጥቅምት 1982 ዓ.ም. ሲያበቃ የበርሊን ግንብ ፈረሰ፤ የምሥራቅ ጀርመን ድጋፍም አብሮ ቆመ። ደርግ ከእስራኤል ጋር ግንኙነቱን ቢያድስና በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ቢያውጅም ጊዜው አልፎ ነበር። መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ወጡ።

በዚያው ዓመት የአልባኒያ የአንድ ፓርቲ ሥርዓት አከተመ፤ ሲያድ ባሬም ከሞቃዲሾ ተባረዋል። ደቡብ የመን አስቀድማ ከሰሜኑ ጋር ተዋሕዳ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በኤደን ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡት መንግሥታት ከካስትሮ መንግሥት በስተቀር አንዳቸውም አልተረፉም።

ምን ቀረ?

ከዚያ ዘመን የቀሩ ምስክሮች ዛሬም አሉ። በአዲስ አበባ በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ የተሠራው የትግላችን ሐውልት በኦጋዴን የወደቁ ኩባውያንን ምስል ይዟል። በኩባ የወጣቶች ደሴት የተማሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኋላ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የግብርና ባለሙያዎች ሆነዋል። በሶቭየት እርዳታ በናዝሬት የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከዚያ ወዳጅነት የተገኘ ነው። በመሣሪያ ግዢ የተከማቸውን ዕዳ ደግሞ አብዛኛውን ሩሲያ ኋላ ሰርዛዋለች። በመቐለ የቆመው የሰማእታት ሐውልትም የዚያን ጦርነት ዋጋ ያስታውሳል።

የዘመኑ ታሪክ የሚያሳየው፣ አጋሮቹ አንድ መዝሙር ቢዘምሩም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስሌት ይዘው እንደነበር ነው። ሶማሊያ መሬት ፈለገች፤ ሞስኮ ወደብና ተሰሚነት፤ በርሊን ቡና፤ ደርግ ጦርነት የሚያሸንፍበት መሣሪያ፤ ግንባሮቹም የትግላቸውን መስመር ማስከበር። ኩባ በኤርትራ፣ ምሥራቅ ጀርመንም በበርሊኑ ንግግር ያሳዩት ማመንታት ሌላ መንገድ እንደነበረ ይጠቁማል፤ የሚሰማው ግን አልተገኘም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው፣ የሽኩቻቸውን ዕዳ የከፈለው ልጁን ለጦር ሜዳ የገበረው፣ መንገድ የተዘጋበትና ገበያ ላይ ቦምብ የወረደበት ሕዝብ ነው።